ስም የለሹ የኔትወርክና የፋይበር መሣሪያ ቦርሳ፦ ምኑ ይያዛል፣ ምኑ ይጣላል

መርካቶ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችም ሆነ ኦንላይን “ሙሉ የኔትወርክ ኪት” እየተባለ የሚሸጠው ጥቁር ቦርሳ አሁን አሁን የሁለት ሙያ ዕቃ በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል። በአንዱ ኪስ ለመዳብ ገመድ የሚሆኑት ክሪምፐር (ኮኔክተሩን ገመዱ ጫፍ ላይ የሚጨምቀው)፣ መላጫ፣ ፓንች ዳውን (ሽቦን ሶኬት ውስጥ የሚጫነው)፣ ባለ መብራት ቴስተርና አንድ ከረጢት አርጄ 45 (የኔትወርክ ገመድ ጫፍ ኮኔክተር) አሉ። በሌላው ኪስ የፋይበር ስትሪፐሮች (ሽፋን መግፈፊያዎች)፣ ክሊቨር (ፋይበሩን ቀጥ አድርጎ የሚሰብረው)፣ ፓወር ሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ)፣ ቀይ ብርሃን የሚያስገባው ቪኤፍኤል፣ መቀስ፣ የአልኮል ጠርሙስና ጥቂት ፈጣን ኮኔክተሮች ይገኛሉ። ስም የለውም፤ ካለውም በየጭነቱ የሚቀያየር ተለጣፊ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው የአንድ ፋብሪካ ምርት ሳይሆን የዚህ ዓይነት ቦርሳ በጠቅላላው ነው።

ፍርዱ ይቅደም። የፋይበሩ ግማሽ ከዋጋው በላይ ይሠራል። ከመዳቡ ግማሽ ክሪምፐሩ ደህና ነው፤ ኮኔክተሮቹ ግን ለመለማመጃ እንጂ ለደንበኛ ሥራ አይሆኑም። ቴስተሩ ደግሞ ከሚያውቀው በላይ እየታመነ ብዙ ሥራ ያበላሻል። ከሁሉ የባሰው ጥፋት ግን ቦርሳው ውስጥ የለም፤ ከቦርሳው ጋር “አብራችሁ ውሰዱ” ተብሎ የሚቀርበው ርካሽ ገመድ ነው።

ክሪምፐሩ ራቼት አለው፤ እስከ መጨረሻው ካልተጨመቀ አይለቅም። ራቼት በሌላቸው ርካሾቹ የመጀመሪያው ኮኔክተር በሙሉ ጉልበት፣ የመጨረሻው በደከመ እጅ ይጨመቃል። መንጋጋቸውም ስለሚለመጥ ዳርና ዳር ያሉት የኮኔክተሩ የብረት ጥርሶች ወርደው መሐል ያሉት 4ኛና 5ኛ ከፍ ብለው ይቀራሉ። ይህን ለማየት ኮኔክተሩን ወደ ብርሃን አዙሮ በጎን መመልከት ይበቃል። ስምንቱ ጥርሶች በአንድ መስመር፣ ከፕላስቲኩ ክፍልፋዮች ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብለው መታየት አለባቸው። ከፍ ያለ ጥርስ ያለው ኮኔክተር አለመሥራቱ ብቻ ሳይሆን የስዊቹ (ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ፖርት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች አጣሞ ሊያስቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው አንድ ኮኔክተር ሳይሆን አንድ ፖርት ነው።

መሣሪያው ለ“ፓስ ስሩ” ኮኔክተሮች የተሠራ ነው፤ ማለትም ሽቦዎቹ በኮኔክተሩ ፊት በኩል አልፈው ይወጣሉ፣ ሲጨመቅ ደግሞ የፊቱ ምላጭ የተረፈውን ይቆርጣል። ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የቀለሙ ቅደም ተከተል ከመጨመቁ በፊት ከፊት ለፊት ይነበባል። ችግሩ ምላጩ ነው። ሲደንዝ ሽቦውን ይበጥሳል እንጂ አይቆርጥም፣ ፊቱ ላይ የመዳብ ቅንጣት ትቶ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሽቦዎችን ያገናኛል። ምላጩ በሁለት ብሎን የተያዘ ነው፤ ሻጩ መለዋወጫ ምላጭ ከሌለው መሣሪያው ምላጩ እስኪደነዝ ድረስ ብቻ እንደተገዛ ይቆጠር። በተቃራኒው የፓስ ስሩ ኮኔክተርን የፊት ምላጭ በሌለው አሮጌ ክሪምፐር ጨምቆ ጫፉን በመቀስ መከርከም የተለመደ ስህተት ነው። ጫፎቹ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወጥተው ከቀሩ ኮኔክተሩ ፖርቱ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም።

ገመዱን በማዘጋጀት በኩል መሣሪያው ማንንም አያድንም። የውጭው ሽፋን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይላጣል። በቦርሳው ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ መላጫ ጥልቀቷ አይስተካከልም፤ አንድ ዙር ብቻ ዞራ ትውጣ፣ ከዚያ ሽፋኑን አጥፎ መስበር ይሻላል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ካዞሯት የውስጦቹን ሽቦዎች ትነካለች፤ የተነካ ሽቦ ዛሬ ይሠራና ሬኩ (የኔትወርክ ዕቃዎች መደርደሪያ) ሲነካካ ይቆረጣል። ካት 6 (ከካት 5ኢ ከፍ ያለው የገመድ ደረጃ) ላይ መሐል ያለው የፕላስቲክ መስቀል ሽፋኑ ከሚጀምርበት ሥር ይቆረጥ። ጥንዶቹ ይፈቱ፣ ሽቦዎቹ በጣት ተስበው ይቃኑ፣ ከዚያ በቢ አደራደር ይሰለፉ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው ቅደም ተከተል ነው፤ የዛሬ ስዊቾች መስቀለኛ ገመድ አይጠይቁም።

ፓስ ስሩ ላልሆነ ኮኔክተር ሽቦዎቹ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲቀራቸው በአንድ ቀጥ ያለ ቁርጥ ይስተካከላሉ። ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በካት 5ኢና በካት 6 ላይ ጥምጥሙ ተፈትቶ እንዲቀር የተፈቀደው ከፍተኛው ርዝመት ይኸው ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ለአንዱ ጩኸት መከላከያ የሚሆኑት በመጠማዘዛቸው ነውና። ፓስ ስሩ እዚህ ላይ ያሰንፋል። ሽቦው በፊት እንደልብ ስለሚወጣ ሰው ጥምጥሙን 3 ሴንቲ ሜትር ፈትቶ ያስገባና የውጭ ሽፋኑን ኮኔክተሩ ውስጥ ሳያደርስ ይጨምቃል። መልካም ጫፍ ሽፋኑ ከኮኔክተሩ ጀርባ ገብቶ የፕላስቲኩ ሽብልቅ የያዘው ነው። ሽብልቁ ባዶ ሽቦ ላይ ካረፈ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ክብደቱን የሚሸከሙት ጥርሶቹ ይሆናሉ።

በከረጢቱ ያሉት ኮኔክተሮች በሁለት ምክንያት አይመከሩም። አንደኛው ጥርሱ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ገመድ ሽቦው ድፍን ነው፤ ለእርሱ የሚሆነው ሽቦውን በግራና በቀኝ አቅፎ የሚይዝ ባለ ሦስት ሹል ጥርስ ነው። ለፓች ኮርድ፣ ማለትም ሽቦው ከቀጫጭን ክሮች ለተሠራው አጭር ማገናኛ ገመድ የሚሆነው፣ ክሮቹን መሐል ለመሐል የሚወጋው ባለ ሁለት ሹል ጥርስ ድፍን ሽቦ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፤ በመጀመሪያው ቀን ይነካና ከወራት በኋላ ይለቃል። ሁለተኛው ቀዳዳው ነው። የካት 6 ሽቦ 0.57 ሚሊ ሜትር መዳብ ነው፣ ከሽፋኑ ጋር ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለካት 5ኢው 0.51 ሚሊ ሜትር ሽቦ በተሠራ ኮኔክተር ውስጥ በግድ ሲገፋ አንዱ ሽቦ ሳይደርስ ይቀራል። ኮኔክተር ሲገዛ “ለካት 6፣ ለድፍን ሽቦ” ብሎ መጠየቅና አንዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ጥርሱን ማየት ያዋጣል።

ቴስተሩ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከ1 እስከ 8 መብራቶች በየተራ ይበራሉ። ስምንቱ በተራቸው ሲበሩ “ገመዱ ጥሩ ነው” ይባላል። መብራቶቹ ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ጫፍ ያለው 1 በዚያ ጫፍ ካለው 1 ጋር መገናኘቱን። ቀለሞቹን ጥንድ በጥንድ፣ ማለትም ብርቱካናማውን በ1ና በ2፣ አረንጓዴውን በ3ና በ4፣ ሰማያዊውን በ5ና በ6፣ ቡናማውን በ7ና በ8 የደረደረ ሰው በሁለቱም ጫፍ እንደዚያው ካደረገ መብራቶቹ ያለ አንዳች ስህተት ይበራሉ። ነገር ግን 3ና 6 አንድ ጥንድ መሆን ሲገባቸው ከተለያየ ጥንድ የመጡ ናቸው። አጭር ገመድ ላይ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ሲረዝም በ100 ሜጋም ይቆራረጣል፣ ጊጋቢት ደግሞ ወይ አይነሣም ወይ ወደ 100 ይወርዳል። ብዙ ሰው ራውተሩን የሚቀይረው በዚህ ጊዜ ነው። ቴስተሩ ርዝመት አይለካም፣ ጥንድ አይለይም፣ የገመዱን ዓይነት አያውቅም። ለተቆረጠና ለተገለበጠ ሽቦ ይጠቅማል፤ ከዚያ አልፎ አይጠየቅ። ቢያንስ ርዝመትና ጥንድ የሚለይ ቴስተር በቢሮ ደረጃ ለሚሠራ ሰው ከቦርሳው ሁሉ ቀድሞ ሊገዛ ይገባል።

አሁን ወደ ገመዱ። በገበያው ከሚታየው ርካሽ ካት 6 ብዙው ሲሲኤ የሚባለው፣ በስሱ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የዓለም አቀፉ የገመድ ደረጃ ለኔትወርክ ገመድ ንጹሕ መዳብ ይጠይቃል፤ ሲሲኤ በምንም ዓይነት ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ሊባል አይችልም። ሻጩ “ንጹሕ መዳብ ነው” ሲል ካርቶኑን እያነበበ ነው እንጂ ገመዱን ለክቶ አይደለም። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከውስጥ ብርማ ከታየ አሉሚኒየም ነው። በእጅ ሲመዘንም ይቀላል፤ የመዳብ ጥግግት 8.96፣ የአሉሚኒየም 2.7 ነውና። እንዲሁም ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ኮኔክተር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ግን መልቲሜትር ነው፣ ለዚያውም ካርቶኑ ሳይፈታ። ሙሉ ካርቶን 305 ሜትር ነው። ከውስጠኛው ጫፍ የአንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ተገፈው ይጠማዘዛሉ፤ በሌላው ጫፍ በዚያው ጥንድ ላይ ኦም ይለካል። ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሚለካው 610 ሜትር ሽቦ ነው። 0.51 ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ 51 ኦም አካባቢ፣ 0.57 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 41 ኦም አካባቢ ያነብባል፤ ጥምጥሙ ሽቦውን ከሽፋኑ ትንሽ ስለሚያስረዝመው ከዚህ ጥቂት ከፍ ቢል አያሳስብም። ደረጃው ለ100 ሜትር አንድ ሽቦ ከ9.38 ኦም እንዳይበልጥ ስለሚል ለካርቶኑ ጣሪያው 57 ኦም ነው። ሲሲኤ ከሆነ ወደ 80 ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው 305 ሳይሆን 200 ሜትር ከሆነ ሲሲኤም ከ57 በታች አንብቦ ያልፋል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ በየሜትሩ የታተመው ቁጥር በሁለቱም ጫፍ ይነበብና ይቀነስ። ቁጥር ያልታተመበት ገመድ ሲገኝ መልቲሜትሩን ማውጣትም አያስፈልግም፤ አይገዛም።

የሲሲኤ ጉዳት በደኅንነት ካሜራ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። ካሜራው ኃይል የሚያገኘው በዚሁ ገመድ፣ በፒኦኢ ነው። ቀን ቀን በሰላም ይሠራል፤ ሲመሽ የሌሊት መብራቶቹ በርተው የሚስበው ኃይል ሲጨምር በገመዱ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ያድግና ካሜራው ጠፍቶ ይነሣል። ባለቤቱ ካሜራውን ይወቅሳል፣ ባለሙያው ስዊቹን። 30 ዋትና ከዚያ በላይ በሚሰጡ ስዊቾች ላይ፣ ገመዶቹ በአንድ ጥቅል ታስረው ሲሄዱ፣ ሙቀቱም ሌላ ችግር ነው።

ፓንች ዳውኑ ለሥራው ይበቃል፤ የሚቆርጠው ጎን ወደ ውጭ መዞሩን ብቻ ልብ ማለት ነው። በነገራችን ላይ በግድግዳ ውስጥ የሚቀረውን ገመድ አርጄ 45 ከማሰር ይልቅ በሶኬት ላይ ጨርሶ ከዚያ በተዘጋጀ ፓች ኮርድ መቀጠል የተሻለ አሠራር ነው። 100 ሜትር የሚባለው ገደብም የታሰበው በዚህ መልክ ነው፦ 90 ሜትር ቋሚ ገመድ፣ 10 ሜትር ለሁለቱ ጫፍ ፓች ኮርዶች። ገመዱ ሲሳብ ከ11 ኪሎ ግራም ጉልበት አይለፍ፤ ሲታጠፍም የውስጥ ራዲየሱ ከገመዱ ውፍረት አራት እጥፍ አይነስ።

ፋይበሩ ላይ የቦርሳው ዋጋ የሚመለሰው በክሊቨሩ ነው። ቅርጹ የሱሚቶሞ ኤፍሲ-6ኤስ ቅጂ ነው፤ ጥራቱ የዋናውን አያህልም፣ ግን አሠራሩ ያው ነው። ፋይበር አይቆረጥም፤ እንደ መስታወት ተጭሮ ይሰበራል። ክቡ ምላጭ ከሥር ያልፋል፣ የላይኛው መዶሻ ይጫነዋል፣ ፋይበሩ በጭረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይከፈላል። የ125 ማይክሮን መስታወት መሐል ላይ ብርሃን የሚሄድበት ዕምብርት 9 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሆነ ፊቱ በጥቂት ዲግሪ ቢያጋድል እንኳ ወዲያው በመጥፎ ንባብ ይከፈላል። በእስክሪብቶ መልክ ወይም በፕላስቲክ ስቴፕለር መልክ የሚመጡ ክሊቨሮች ያሉበት ቦርሳ ከነጭራሹ አይገዛ።

ክሊቨሩ ሲያስቸግር መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ፋይበሩ ሳይሰበር ከቀረ ምላጩ ዝቅ ብሏል ወይም የጎማ መጫኛዎቹ ቅባት ይዘው ፋይበሩን ያንሸራትታሉ፤ ቀድሞ ጎማው በአልኮል ይጠረግ። ፊቱ ከተሸረፈ ምላጩ በዚያ ነጥብ ደንዝዟል፤ 16 ነጥብ ስላለው በአንድ ቁጥር ይዞራል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ ከሆነ ፋይበሩ ላይ የሽፋን ቅሪት አለ፣ ያም የክሊቨሩ ሳይሆን የጽዳት ጉድለት ነው።

ለቤት የሚገባው ጠፍጣፋ ገመድ ብዙውን ጊዜ 2 በ3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ማጠንከሪያ፣ መሐል ላይ 250 ማይክሮን ሽፋን የለበሰ አንድ ፋይበር አለው። በምሰሶ የሚመጣው ተጨማሪ የብረት ሽቦ በጎኑ ይዟል፤ መጀመሪያ እርሱ በመቀስ ሳይሆን በፒንሳ ይለያል። በቦርሳው ያለው የኬቭላር (ጠንካራ ክር) መቀስ ብረት ከቆረጠ ሥራው ያበቃል። የጠፍጣፋው ገመድ ሽፋን በራሱ ስትሪፐር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ከዚያ ባለ ሦስት ቀዳዳው ስትሪፐር በትንሿ ቀዳዳ፣ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ፣ 250ውን ወደ 125 ያወርዳል። በአንድ ጊዜ ረጅም መሳብ ፋይበሩን ይሰብራል፤ በሁለት በሦስት አጭር ስቦ መጨረስ ይሻላል። ከዚያ ብናኝ የማይተው ወረቀት በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ተነክሮ ፋይበሩ ሲጢጥ እስኪል ይጠረጋል። ጠርሙሱ ባዶ ነው የሚመጣው፤ በውስጡ የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል መሙላት ውኃውንም አብሮ መቀባት ነው። ከተጠረገ በኋላ ፋይበሩ በጣት አይነካም፣ ጠረጴዛም ላይ አይቀመጥም።

ፈጣን ኮኔክተሮቹ ኤስሲ ኤፒሲ የሚባለው ባለ አረንጓዴ የፋይበር ኮኔክተር ዓይነት ናቸው። ጫፋቸው ላይ በፋብሪካ የተለሰለሰ አጭር ፋይበር አለ፣ ከጀርባው ጄል ተቀምጧል፤ ከእኛ የሚገባው ፋይበር እዚያ ጄል ውስጥ ከእርሱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ባዶ የሚቀረው ርዝመት በኮኔክተሩ ዓይነት ይለያያልና አብሮ የመጣው መለኪያ ሐዲድ ይከበር፤ የአንዱን ሐዲድ ለሌላው ኮኔክተር መጠቀም ዋነኛው የመበላሸት ምክንያት ነው። አጥሮ ከተቆረጠ አይደርስም፣ መሐሉን ጄል ብቻ ይሞላዋል። ረዝሞ ከተቆረጠ ደግሞ ከኋላ ከመጠን በላይ ይጎብጣል። በልኩ ሲገባ ከኮኔክተሩ ጀርባ ፋይበሩ ትንሽ ብቻ ይጎብጣል፤ ያች ጉብጠት ናት ፊት ለፊት መነካካታቸውን የምታስረዳው፣ እርሷ ሳትጠፋ መቆለፊያው ይገፋል። ጥሩ ሥራ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲቢ (የብርሃን ኪሳራ መለኪያ) ያጠፋል። ካልተሳካ ተከፍቶ እንደገና ሊሞከር ይችላል፣ ግን በተከፈተ ቁጥር ጄሉ አቧራና የመስታወት ፍንጣሪ ይሰበስባል። ሁለት ጊዜ የከሸፈ ኮኔክተር ይጣል።

አረንጓዴውን ከሰማያዊ ጋር ማገናኘት ሌላው ጥፋት ነው። አረንጓዴው፣ ኤፒሲ፣ ፊቱ በ8 ዲግሪ ያጋደለ ነው፤ ሰማያዊው፣ ዩፒሲ፣ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱም ኤስሲ ስለሆኑ በአንድ አዳፕተር ይገባሉ፣ ድምፅም አሰምተው ይቆለፋሉ፤ ውስጡ ግን አየር ይቀራል፣ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ይንጸባረቃል፣ ፊቶቹም ይጎዳሉ።

ቪኤፍኤሉ 650 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን ነው። ኮኔክተሩ ላይ ሲሰካ በጀርባው ብዙ ቀይ ከፈሰሰ መገናኛው መጥፎ ነው፤ ገመዱ ላይ የሆነ ቦታ ከበራ እዚያ ተሰብሯል ወይም ከመጠን በላይ ታጥፏል። በእነዚህ ቦርሳዎች የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ዋት ነው፣ አንዳንዱ ላይ 30 ተጽፎበታል፤ ለዓይን አደገኛ ነውና ጫፉ ወደ ሰው አይዞር፣ ለልጅም አይሰጥ። ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው ብርሃን ደግሞ ጨርሶ ስለማይታይ “ጨለማ ነው” ብሎ ቀዳዳ ውስጥ ማየት አይገባም። የተሰበሩ የፋይበር ቁርጥራጮች ክዳን ባለው ጠርሙስ ይሰብሰቡ፤ ቆዳ ውስጥ ሲገቡ ለማየትም ለማውጣትም አስቸጋሪ ናቸው።

ፓወር ሜትሩ የሚያስገርም ዕቃ ነው። ከማይነስ 70 እስከ ፕላስ 10 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) የሚለካው ለቤት ፋይበር ይሆናል፤ ከማይነስ 50 እስከ ፕላስ 26 የተጻፈበት ለኬብል ቴሌቪዥን ነው። ጂፖን በሚባለው የቤት ፋይበር መስመር ላይ ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖ ሜትር ነውና ሜትሩ እዚያ ላይ ይደረግ፤ ከቤት የሚመለሰው 1310 ሲሆን ሞደሙ ተራው ሲደርስ ብቻ ስለሚያበራ በዚህ ሜትር አይለካም። በተለመደው የቢ ፕላስ ደረጃ ሞደሙ ከማይነስ 8 እስከ ማይነስ 27 ይቀበላል። የሚጠበቀውንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ከማዕከሉ ፕላስ 3 ቢወጣ፣ ለ32 የሚከፍል ስፕሊተር 17 ያህል ይወስዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር ፋይበር 1.3 አካባቢ፣ ኮኔክተሮችና ስፕላይሶች (ቀልጠው የተገናኙ የፋይበር መጋጠሚያዎች) 2 ቢወስዱ ቤት የሚደርሰው ማይነስ 17 ገደማ ነው። የኮሪደሩ ሳጥን ማይነስ 18፣ ሳሎኑ ማይነስ 26 ካነበበ 8ቱ ዲቢ የጠፋው በዚያች አጭር ገመድና በሁለቱ ጫፎቿ ነው፤ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። ማይነስ 26 ዛሬ ይሠራል፣ ብርሃን መጥፋቱን የሚያሳየው፣ ኤልኦኤስ የሚለው ቀይ መብራትም አይበራም፤ ግን ከገደቡ የቀረው 1 ዲቢ ብቻ ነውና በር ገመዱን ሲቆነጥጠው ይጠፋል። መታጠፍን በተመለከተ ጂ.657.ኤ2 የተጻፈበት ፋይበር እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይችላል፤ የቆየው ጂ.652.ዲ ግን 30 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። በበሩ ማዕዘን ላይ በምስማር የሚቆለመመው ገመድ የትኛው እንደሆነ ሽፋኑ ላይ ይነበብ።

ቦርሳው የጎደለው አንድ ነገር ደረቅ ማጽጃ እስክሪብቶ ነው፣ ለብቻው ይገዛ። በበጋው አቧራ ክዳኑ ለደቂቃ ተከፍቶ የቆየ ኮኔክተር ሳይጠረግ መሰካት የሌላውንም ወገን ማቆሸሽ ነው። ሁለት ፋይበሮችን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ የሚያገናኘው ስፕላይሰር በእርግጥ በዚህ ዋጋ አይጠበቅም፤ ጥሩ ስፕላይስ 0.05 ዲቢና ከዚያ በታች ስለሚያጠፋ ብዙ መስመር የሚሠራ ሰው ከፈጣን ኮኔክተር ወደ ፒግቴል (በአንድ ጫፉ ኮኔክተር ያለው አጭር ፋይበር) እና ስፕላይሰር መሻገሩ አይቀርም። ለተበደረ ወይም ለተከራየ ስፕላይሰር አንድ ማስታወሻ፦ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ወደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ የእሳቱ ጥንካሬ ይለወጣል። ማስተካከያው በሜኑው ውስጥ ያለው የአርክ ካሊብሬሽን ነው፤ ከመጀመሪያው ስፕላይስ በፊት ይሠራ።

የካሜራና የቢሮ ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ቦርሳ አይግዛ፤ ለብቻው ጥሩ ክሪምፐር፣ ጥንድ የሚለይ ቴስተርና መልቲሜትር ይበጁታል። ወደ ቤት ፋይበር ሥራ ለሚገባ ሰው ግን የሚያዋጣ መነሻ ነው። ከመክፈል በፊት አንድ ሜትር ቁራጭ ጠፍጣፋ ገመድ ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ አምስት ጊዜ በክሊቨሩ መስበር ይቻላል፤ አምስቱም በአንድ ጭረት ካልተሰበሩ ሌላ ይጠየቅ። ሜትሩን ለመፈተሽ ቪኤፍኤሉ አይሆንም፣ ቀይ ብርሃንን በደንብ አይለካምና። ሱቁ ባለ ነጠላ ሞድ ሚዲያ ኮንቨርተር (የመዳብ ገመድን ምልክት ወደ ፋይበር ብርሃን የሚለውጥ ሳጥን) ካለው በፓች ኮርድ ተሰክቶ፣ ሜትሩ በኮንቨርተሩ ላይ በተጻፈው ሞገድ ተደርጎ ይለካ፣ ከዚያ በዚያው ገመድ በሌላ ሜትር። ልዩነቱ ከ1 ዲቢ ካለፈ ሌላ ቦርሳ ይከፈት።